ክፍል ውስጥ የነገርኳችሁ መጨረሻ

«ልጅሽ ከነፃው ወጥታለች፤ በቃ፣ እኔ ምን ላድርግልሽ?»

ይህን የሰማሁት መምህራን ማረፊያ ጥግ ተቀምጬ ነው። ማረፊያውን ከመዝገብ ቤቱ የሚለየው የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ጣሪያው ድረስ አይደርስም፤ ስለዚህ እዚያ ማዶ የሚባለውን ሁሉ ሻያችንን እየጠጣን እንሰማለን፣ እንዳልሰማ ሰውም እንሆናለን። ተናጋሪዋ የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ናት። የምታናግረው ኮሪደሩንና መጸዳጃ ቤቶቹን የምታጸዳውን ሴትዮ ነው። በዕድሜ እናቷ ትሆናለች፤ አንቺ ነው የምትላት።

«ስንት ጎደላት?» አለች የፅዳት ሠራተኛዋ።

«አማካይዋ ሰማንያ መግባት ነበረበት፤ ሰባ ዘጠኝ ነጥብ አራት ነው። ሌላው ሁሉ ደህና ነበር፤ የጣላት ቋንቋ ነው። የፊልም ሂስ የሚባል ነገር ጽፈው ነበር፣ እሱ ላይ ከሃያ ሰባት አመጣች።»

«ፊልም?»

«አዎ፣ ፊልም።»

«ልጄን ፊልም ነው የጣላት?» የመወልወያው እጀታ ግድግዳውን ሲነካው ተሰማኝ። «እኔ ቤት እኮ ቴሌቪዥን እንኳ የለም፣ የኔ እመቤት።»

ከፊት ለፊቴ የተቀመጠው የሂሳብ መምህር ሳቁን ከሻዩ ጋር ዋጠው። እኔ ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። ከሃያ ሰባቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ትምህርት ቤታችን የግል ነው። የሠራተኛ ልጅ አማካይ ውጤቱ ከሰማንያ እስካልወረደ ድረስ በነፃ ይማራል፤ ከወረደ እንደማንኛውም ሰው ይከፍላል፣ ክፍያው ደግሞ ከእናትየው ደሞዝ ይበልጣል። ልጅቷ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ ናት። በዓመቱ አጋማሽ የሚቀበላት ሌላ ትምህርት ቤት የለም፤ በአንዱ ትምህርት ቤት ስሙ ያልተመዘገበ ተማሪ ደግሞ ማጠናቀቂያ ፈተናው ላይ አይቀመጥም። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም፤ ከእናቷ ጎን ሌላ መወልወያ ይሰጣታል። የነፃ ተማሪዎችን ጉዳይ የሚያየው ኮሚቴ የሚሰበሰበው ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ነው። እኔ ይህን ስሰማ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ስለ ፊልሙ መናገር አለብኝ። ያገኘሁት ከእህቴ ባል ነው። የምኖረው እነሱ ቤት፣ የምተኛውም ሳሎኑ ሶፋ ላይ ነው፤ ሥራ ከጀመርኩ አምስት ወሬ ነው፣ ገና በሙከራ ላይ ነኝ። የእህቴ ባል አንድም ቀን ውጪልኝ ብሎኝ አያውቅም፤ በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከራስጌዬ ያለውን ሬዲዮ ከፍቶ መታጠቢያ ቤት ይገባል እንጂ። እህቴ ደግሞ እግሬ መሬት ከመንካቱ ብርድ ልብሱን ታጥፋለች። ዛሬ ጠዋት እያጠፈች «ቋሚ የምትሆኚው መቼ ነው?» አለችኝ፣ ብርድ ልብሱን እያየች። «በዚህ ሳምንት ይታወቃል» አልኳት። ሻይና ዳቦ ቀረበ፤ ሦስታችንም ስናኝክ ይሰማ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በፊት የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎቼን ልብ አንጠልጣይ ፊልም እንዲተነትኑና ሂስ እንዲጽፉ ላስተምር ተነሣሁ። ከእህቴ ባል ኮምፒውተር አንድ ፊልም በፍላሽ ቀዳሁ። አስቀድሜ ልየው ብል ቴሌቪዥኑ ያለው ሳሎን ነው፣ ሳሎኑ ማታ ማታ የእሱ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያውን ብቻ አየት አድርጌ ተውኩት። ታሪኩ ቀላል ነው። አንዲት አዲስ ሙሽራ ባሏ ቤት ትገባለች። ፎቅ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከአልጋ ያልወረደች የባሏ እናት ተኝታለች። ሌሊት ሌሊት ከላይ የእግር ኮቴ ይሰማል። የባልየው የመጀመሪያ ሚስት እንዴት እንደሞተች የሚናገር የለም። ሙሽራዋ ሻማ ይዛ ደረጃው ሥር ትቆማለች፣ ኮቴው ወደ ታች መውረድ ይጀምራል፣ ከዚያ ስክሪኑ ጠቆረ። ፍላሹ ሞልቶ ኖሮ ፊልሙ የተቀዳው ተቆርጦ ነው። ስልሳ ተማሪ በአንድ አፍ ጮኸ። «ቲቸር! ማን ነው? ማን ነው?» አላውቅም ማለት ነበረብኝ። እዚህ ትምህርት ቤት አላውቅም ያለ መምህር ግን እስካሁን አላየሁም፤ በሙከራ ላይ ያለማ ጨርሶ አይሞክራትም። «ዩኒቨርሲቲ እያለሁ አይቼዋለሁ» አልኩ። «ባልየው ነው።» ሚስቱን አሳብዶ ቤቱን ለመውረስ ኮርኒስ ውስጥ የሚመላለሰው እሱ ነው ብዬ ተረኩላቸው። ፊልሙን ያሳየሁት ለአራት ክፍል ነው፤ ሁለተኛው ክፍል ላይ ቢላ ጨመርኩበት። ሦስተኛው ላይ ዝናብ ዘነበ። አራተኛው ክፍል ስደርስ እኔ ራሴ አይቼው ነበር። አጨበጨቡልኝ። ሙሉውን ፈልጌ ማየት እችል ነበር፤ አልፈለግኩም። ከተናገርኩት በኋላ ማየቱ ለጭቅጭቅ ካልሆነ ለምን ይጠቅመኛል?

የፅዳት ሠራተኛዋ ልጅ ያን ቀን አልመጣችም ነበር። ሂሷ ላይ ግን ባልየው ምንም እንዳላደረገ፣ ሌሊት የምትሄደው አሮጊቷ እንደሆነች ጻፈች። ፊልሙን ሳታይ የፈጠረችው መስሎኝ በቀይ እስክሪብቶ «ከፊልሙ ውጭ ነሽ፤ በደንብ ተመልከቺ!» ብዬ ከሃያ ሰባት ሰጠኋት። ቃለ አጋኖውንም ያደረግኩት እኔ ነኝ።

አራት ሰዓት ላይ ያለኝ ክፍለ ጊዜ የእሷ ክፍል ነበር። የዛሬው ትምህርት ሂስ የጻፍንበትን ፊልም ትዕይንት በትዕይንት መፈተሽ ነው። ሰሌዳው ላይ «ዳይሬክተሩ ምን አሳየን? ለምን አሳየን?» ብዬ ጻፍኩ። ልብ አንጠልጣይ ፊልም የሚያስፈራን በሚደብቀው ነገር አይደለም፣ ዓይናችን ሥር አስቀምጦ ዝም በሚለው ነገር ነው፣ ስለዚህ ጥሩ ሃያሲ ዕቃ ይቆጥራል ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። የምለው ልክ ነበር። የሚያናድደኝም እሱ ነው።

«እሺ፣ ሻማው ለምን ጠፋ?»

«ባልየው ነው!» አሉ ከኋላ።

«የበሩ እጀታ በቅርበት የታየው ለምንድን ነው?»

«ባልየው!»

ዜና ብለው የሚጠሩት ልጅ ብድግ አለ። «ቲቸር፣ ትናንትና ሰፈራችን ውኃ ጠፍቶ ነበር። እሱም ባልየው ነው?» ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ። ልጅቷ መስኮቱ አጠገብ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ እጇን አላወጣችም፣ አልሳቀችም፣ አላኮረፈችም። ሰሌዳው ላይ ያለውን ትገለብጣለች።

ደወሉ ሲደወል አስቀረኋት።

«ሂስሽን ይዘሽዋል?»

ከላስቲክ ክላሰር ውስጥ አወጣችው። ጥግ እንኳ አልታጠፈም።

«ፊልሙን የት አየሽው?»

«ከግቢው ጀርባ ፊልም ከሚጭነው ልጅ ጋ። ያን ቀን እናቴን ሐኪም ቤት ይዣት ሄጄ ስላመለጠኝ ነው። ፍላሽ ስለሌለኝ ቆሜ እንዳይ ፈቀደልኝ። በሁለት ቀን ጨረስኩት።»

«መጨረሻውንም?»

«አዎ ቲቸር። አሮጊቷ ናት።»

«ታዲያ ወረቀቱ ከተመለሰልሽ ሳምንት አልፎታል፤ ለምን መጥተሽ አልነገርሽኝም?»

ጫማዋን አየች። «እርስዎ አይቼዋለሁ ብለዋል፤ ልጆቹ ነገሩኝ። ምናልባት ሁለት ዓይነት ይኖረዋል ብዬ ነው።»

አሽሙር ቢሆን ይቀለኝ ነበር። አልነበረም። ወረቀቱን ተቀብያት ባዶው ክፍል ውስጥ እንደገና አነበብኩት፤ በመጀመሪያው ጊዜ እንደ ሰው ያነበብኩት አይመስለኝም። እንዲህ ይላል፦ «አሮጊቷ ከአልጋ አትወርድም ይባላል። ነገር ግን አልጋዋ ሥር ያለው ነጠላ ጫማ ሦስት ጊዜ ይታያል። መጀመሪያ ንጹሕ ነው። በሁለተኛው ሶሉ ላይ ጭቃ አለ። በሦስተኛው ግራው በቀኙ ቦታ ተቀምጧል። ሁሉም የደረጃውን ድምፅ ያዳምጣል እንጂ አልጋው ሥር የሚያይ የለም። እናቴ ወለል ስታጸዳ ማን በየት በኩል እንዳለፈ ታውቃለች። በዚያ ቤት ወለሉን የምታጸዳ ሴት ብትኖር ፊልሙ በአሥር ደቂቃ ያልቅ ነበር።» ነጠላ ጫማው የታየው እኔ ባሳየሁት ክፍል ውስጥ ነው። አራት ጊዜ አሳይቼዋለሁ፤ አንድም ጊዜ አላየሁትም።

የምሳ ሰዓት ላይ ከግቢው ጀርባ ሄድኩ። የፊልም ጫኙ ሱቅ ከፎቶኮፒ ቤትና ከጫማ ሰፊ መሐል የተሰካች የቆርቆሮ ቤት ናት፤ ፊልም በሁለት ዳቦ ዋጋ ይጭናል። አንገቱ ላይ የጆሮ ማዳመጫ አንጠልጥሏል። ስለ ልጅቷ ስጠይቀው ወዲያው አወቃት። «ያቺ ቆማ የምታየዋ? ወይ ጉድ! ጎረምሶች ፊቷ ሲገተሩባት እንኳ ትንፍሽ አትልም፤ አንገቷን ሰበር አድርጋ በብብታቸው ሥር ታያለች።»

«ፊልሙ ሙሉው አለህ?»

«እህቴ፣ እኔ ግማሽ አልሸጥም።»

የለስላሳ ሣጥን ገልብጦ አስቀመጠኝና ጥጉ በተሰነጠቀ ስክሪን የመጨረሻውን ሃያ ስድስት ደቂቃ አየሁ። የስልክ ካርድ የሚገዙ ሰዎች እጅ በአናቴ ላይ ይመላለሳል። አሮጊቷ ደረጃውን ቀጥ ብላ ትወርዳለች፣ ፀጉሯ ተበጥሯል። ቢላ የለም። ዝናብም የለም። ሙሽራዋን አልፋት ወደ ማዕድ ቤት ትገባለች፣ ወንበር ስባ ትቀመጣለች፣ ዳቦ ቆርሳ ትበላለች። እያኘከች የመጀመሪያዋን ምራቷን በምን እንደመረዘቻትና ስንት ቀን እንደፈጀባት፣ ስለ ገበያ እንደሚያወራ ሰው ትናገራለች። ባልየው ውጭ መኪና ውስጥ እንቅልፍ ወስዶታል፤ ምንም አያውቅም። የኔ ባል ኮርኒስ ውስጥ ቢላ ይዞ ሲሮጥ ነበር። የፊልሙ መጨረሻ ጥሩ ነው፤ የኔው ርካሽ ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባሁ። መምህራኑ ማኅተም ነው የሚሉት፤ የትምህርት ቤቱን ማኅተም ከኮቱ ኪስ ስለማያወጣ ነው። የውጤት ማስተካከያ ቅጽ አቀረብኩለት። ምክንያት የሚለው ሣጥን ውስጥ «የድምር ስህተት» ብዬ ጽፌ ነበር። መነጽሩን አድርጎ የልጅቷን ወረቀት ተቀበለኝና በእርሳሱ ጫፍ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ደመረ።

«ሰባት። ድምሩ እኮ ልክ ነው።» ወረቀቱን ገለበጠው። «ከፊልሙ ውጭ ነሽ ይላል። ያንቺ ጽሑፍ ነው?»

«የኔ ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ልጅቷ የሳተችው በቁጥር አይደለም፣ በነገሩ ነው። ምክንያቱን በትክክል ጻፊ፤ ኮሚቴው ያነበዋል።»

ብዕሩን ያዝኩ። ጠረጴዛው ላይ በተነጠፈው መስታወት ሥር በሙከራ ላይ ያለነው መምህራን ስም ዝርዝር አለ፤ የኔ ሦስተኛ ነው፣ ከጎኑ በእርሳስ ምልክት ተደርጎበታል። ስመለከተው አየኝ። «አትሥጊ፤ ያንቺ ነገር ጥሩ ነው» አለኝ። «ወላጆች በተለይ ያን የፊልም ትምህርት ወደውታል። አንዱ ምን አለኝ መሰለሽ፣ ልጄ መጨረሻውን ሲተርክልኝ እንቅልፍ አሳጣኝ አለኝ።» ሳቀ። እኔ የሚጻፈውን ዐረፍተ ነገር አውቀዋለሁ፤ መጨረሻውን ሳላየው ነው ያስተማርኩት። ይኸው ነው። ከዚያ የሁለት መቶ ሠላሳ ተማሪ ውጤት ይሰረዛል፣ ወላጅ ይሰበሰባል፣ ከስሜ ጎን ያለው የእርሳስ ምልክት በላጲስ ይጠፋል፣ እህቴ ብርድ ልብሱን አጥፋ ቁም ሣጥን ውስጥ ትከተዋለች። ብዕሩ ቅጹ ላይ ቆሞ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ አደረገ። ማኅተም ዝምታዬን በራሱ መንገድ ተረጎመው።

«አዝነሽላታል። እኔም የልጆች አባት ነኝ» አለ፤ ድምፁም በእውነት ለስልሷል። «እናቷ ስድስት ዓመት ሠርታልናለች፣ አንድ ቀን ስሟ በክፉ ተነሥቶ አያውቅም። እንዲህ እናድርግ። ልጅቷ የሳተችውን አርማ እንደገና ትጻፍ፤ ሁለተኛ ዕድል ተሰጣት ብዬ እፈርማለሁ። ደንቡ ይፈቅዳል። ያስተማርሻቸውን በትክክል ከጻፈች የሚገባትን ትሰጫታለሽ። እስከ ዘጠኝ ተኩል ግን ይድረሰኝ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አልኩ።

ከክፍል አስጠርቻት መዝገብ ቤት፣ መስኮቱ ሥር ባለችው ትንሽ ጠረጴዛ አስቀመጥኳት። ኃላፊዋ ለኮሚቴው ወረቀት ልታባዛ ወጥታለች። በኮምፔርሳቶው ማዶ ብርጭቆ ይንቀጫቀጫል፤ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ።

«መጨረሻውን ዛሬ አየሁት። ልክ ነሽ።»

ቀና አለች። ፊቷ ሊበራ ሲል አይቼ ቶሎ ቀጠልኩ። «አሁን እንደገና ትጽፊዋለሽ። ክፍል ውስጥ የነገርኳችሁን መጨረሻ።»

«ባልየውን?»

«ባልየውን።»

«ልክ ነሽ ብለውኝ?»

«ኮሚቴው አሥር ሰዓት ላይ ይቀመጣል። አሁን ሁሉንም ነገር ልዘርዝር ብል የአራቱም ክፍል ውጤት ይታገዳል፣ ያንቺም አብሮ ይታገዳል፣ ኮሚቴው ደግሞ ቆሞ አይጠብቅሽም።» ይህ እውነት ነው። ከምክንያቶቼ ውስጥ ለእሷ የሚሆነውን መርጬ ሰጠኋት፤ ሌላውን አስቀረሁት።

እስክሪብቶዋን ከፈተች። ቀኑን ጻፈች፣ ስሟን ጻፈች። ቆመች።

«አሮጊቷስ?»

«ተያት። ከአልጋ አትወርድም በይ።»

«ታዲያ ጫማዋ ለምን ይቆሽሻል?»

«ስለ ጫማው አትጻፊ።»

«ሦስት ጊዜ እኮ ነው የሚታየው፣ ቲቸር። ያየነውን ዕቃ እንድንቆጥር ያሉት እርስዎ ነዎት።» ስትናገር አልተቆጣችም። እንደ ሂሳብ ጥያቄ የቸገራት ነበር የምትመስለው። ሰዓቴን አሳየኋት። ነገሩ ከእኔ ቀድሞ የገባት መሰለኝ፣ አንገቷን ደፍታ መጻፍ ጀመረች።

አርባ ደቂቃ ፈጀባት። ቀና ሳትል፣ ሳትሰርዝ ጻፈች። አንብቤ ስጨርሰው እስካሁን ካነበብኳቸው ሁለት መቶ ሠላሳ ሂሶች ሁሉ የሚበልጥ ነበር። ለባልየው ጥፋተኝነት እኔ ያላሰብኩትን ማስረጃ አቅርባለች፤ የሻማውን ርዝመት ከሰዓቱ ጋር አስተያይታለች፣ ውሻው የማይጮኸው ባለቤቱን ስለሚያውቅ ነው ብላለች። ጫማ የሚል ቃል የለበትም። ውሸቱ አንድ ቀዳዳ አልነበረውም። አሥራ ስምንት ሰጠኋት። በቀይ ምን ልጻፍ ብዬ አሰብኩና «በጣም ጥሩ» ብዬ ጻፍኩ።

ዘጠኝ ተኩል ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ማኅተም መዝገብ ቤት መጥቶ ከኮቱ ኪስ ማኅተሙን አወጣ፣ ሁለቴ እፍ አለበትና መታው። የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ተመልሳ ኮምፒውተሩ ላይ ቁጥሩን ለወጠችው፤ ሰማንያ ነጥብ አምስት። «ተርፋለች» አለች፣ የአውቶቡስ ሰዓት እንደምትናገር። ልጅቷ ክላሰሯን ዘግታ ቆማ ነበር። እናትየው ማን እንደነገራት እንጃ፣ በሩ ላይ ደረሰች፤ የላስቲክ ጓንቷን አንዱን አውልቃለች፣ አንዱ እጇ ላይ ነው። መጀመሪያ ማኅተምን ጎንበስ ብላ አመሰገነች፣ ቀጥሎ ኃላፊዋን፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ዕድሜ ይስጥልኝ፣ ቲቸር። ይቺ ልጅ ሞኝ ናት፣ ብቻዋን ያደገች ናት፣ የማይሆን ነገር ትፈጥራለች። እንዳይቀየሙብኝ።» የልጇን ክንድ ያዘችና ወደፊት ገፋ አደረገቻት። «ምን ይገትርሻል? ስንት ሰው አስቸግረሽ! መምህርሽን ይቅርታ ጠይቂ እንጂ!»

«አይ፣ እትዬ፣ አያስፈልግም» አልኩ።

«የለም የለም፣ ትጠይቅ» አለ ማኅተም እየሣቀ። «ለእሷው ነው። ስህተትን ማመን ራሱ ትምህርት ነው።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። ጠበቀችኝ። ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ለመናገር የሚበቃ ጊዜ ነበር። ማኅተም ቆሟል፣ ኃላፊዋ ቆማለች፣ ከግድግዳው ማዶ ብርጭቆው ሁሉ ጸጥ ብሏል። ምንም እንደማልል ሲገባት እጆቿን አጣምራ ጎንበስ አለች።

«ይቅርታ፣ ቲቸር። ሁለተኛ አይለምደኝም።»

«ምንም አይደል» አልኩ።

እናትየው እልል ማለት የቀራት ያህል ፊቷ በራ። ያን ጓንት የሌለበትን፣ በረኪና የላጠውን እጇን ዘርግታ እጄን ያዘችና ልትስመው ጎንበስ አለች። እጄን አልሰበሰብኩም።